ዲስኩን ያሳደገው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሥራ የያዘ፣ ጤናው የተሟላ፣ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው። እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጥና ብስክሌቱን ያወጣል። የተራራ ብስክሌት ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ የፊት ሹካው ሞላ ያለው። ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ይወጣና ቁልቁል ይለቁታል። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ በስልክ ሰዓት ይይዛሉ።

ይህ ኃጢአት ነው? አይደለም። ሰው ይጫወት። ግን መንገዱ የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ያ ቁልቁለት ከታች ያለው ሰፈር የእግር መንገድ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሴቶቹ ወደ ምንጩ የሚወጡት በዚያ ነው።

እማማ ውድነሽም በዚያ ይወጣሉ። የሰው ልብስ አጥበው የሚያድሩ እናት ናቸው። አንድ እሁድ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሽቅብ ሲሉ ይህ ሰው ከላይ መጣ። መታቸው። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ልብስ የሚጨምቁበት እጅ!

ሰውየው አልሸሸም። ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፣ አሳከማቸው። ይህን አልነሣውም። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ስሙልኝ።

ብስክሌት ሠሪ ጋ ሄደና፣ «የፊቱን የፍሬን ዲስክ በትልቅ ቀይርልኝ፤ ትንሽ ሆኖ ነው ጉድ የሠራኝ» አለው። ሠሪው ጎማውን ፈታ። ትንሹን የፍሬን ዲስክ አውልቆ ሰፊውን አሰረ። ዲስኩ ሲሰፋ እሱን ነክሶ የሚያቆመው የፍሬኑ ክፍልም ከቦታው ራቅ ማለት አለበትና በእሱና በሹካው መካከል ቁራጭ ብረት አስገባ። ሹካው ይህን ያህል ዲስክ ይችል እንደሆነም አረጋገጠ፤ ይችላል። በሠሪው አልፈርድም፤ ሥራው ንጹሕ ነው። ሰውየው ግቢው ውስጥ ሞከረው። ገና ነካ ሲያደርገው ብስክሌቱ ቀጥ አለ፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሣ።

ደስ አለው። ደስ ብሎት ሽማግሌዎች ሰበሰበና ብስክሌቱን እየገፋ እማማ ውድነሽ ደጅ ደረሰ።

«እማማ፣ ይኸው» አለ። «ጥፋቱ የፍሬኑ ነበር። አሁን ትልቅ አስገጥሜያለሁ። ከእንግዲህ ሰው አይጎዳም።»

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ! ጋሽ ይመኑ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ዲስኩን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «እንዲህ ነው ጥፋትን ማረም። የጨዋ ልጅ!» አሉ። «ትሪ ያህላል እኮ! በይ ውድነሽ፣ ይቅር በይው።»

እማማ ውድነሽ የታሰረ እጃቸውን በሌላኛው ደግፈው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ እስቲ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ» አሉት።

ሰውየው በኩራት ሁለት ጣቶቹን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ሳብ አደረገ።

«በእነዚህ ሁለት ጣቶች ነው?»

«አዎ እማማ። ኃይል እንኳ አይፈልግም።»

«ያን ዕለትስ ጣቶችህ የት ነበሩ?»

ሰውየው ጣቶቹን ከፍሬኑ ላይ አነሣ።

«ፊት ለፊት ያየሁህ እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይንህን አይቻለሁ፣ እጅህንም አይቻለሁ። ጣቶችህ መሪውን ጨብጠው ነበር። ከሩቅ አይተኸኝ ‹ዞር በይ!› ብለህ ጮህክ። አፍህ ሠራ፤ ጣትህ ግን አልተነሣም። ፍሬኑ ትንሽ ነበር ትለኛለህ። ትንሹንስ መች ነካኸው?»

ጋሽ ይመኑ ተቆጡ። «ኧረ ተይ አንቺ ሴት! ልጁ እኮ ለዕርቅ ነው የመጣው።»

«ዕርቅማ ማን ይጠላል፣ ጋሼ? ግን ከማን ጋር ነው የምታስታርቁኝ? እኔ ከብረቱ ጋር አልተጣላሁም።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። «ይህን ሁሉ ለፍቼ!» ብሎ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ያዙኝ። ይህ ነገር ያናድደኛል፤ አልደብቃችሁም። እናቱ ለምትሆን ሴት «ዞር በይ» ብሎ ጮኾ፣ አጥንቷን ሰብሮ፣ ከዚያ ለብረት ያስጨበጭባል?

ቆይ ግን፣ ያጨበጨበው ማን ነው? እኛ አይደለንም? ሚስቱን በስድብ አድቅቆ፣ «ንዴት አለብኝ፤ ጠበል ገብቻለሁ» ሲል «ጎሽ» የምንለው ማን ነው? የሠራተኛዋን ዕረፍት ነጥቃ ለገዳም ጧፍ የምትልከዋን በፊት ወንበር የምናስቀምጣት ማን ነው? ጎረቤት እንበድላለን፤ ከዚያ ጾም እንጨምራለን። ወንድም እናማለን፤ ከዚያ ስግደት እንጨምራለን። ዲስኩ ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ ትሪ ያህላል። ጣታችን ግን መሪው ላይ እንደተጨበጠ ነው!

ጾሙ አይጠቅምም አላልኩም። አፌን ይቁረጠው። ትልቅ ዲስክ መልካም ነው፤ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው የተሰጠ ነው። ግን የትኛው ፍሬን ነው ሳይያዝ የሚያቆመው? ሰው መሆኗን እያየህ ላለመቆም የወሰንከው አንተ ሆነህ ሳለ፣ ስለምን ዲስኩን ትከሳለህ?

የዚያን ሰው ነገር ልጨርስላችሁ።

በሌላ እሁድ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ከላይ የጎማ ድምፅ ሰሙ። «መጡ! ዳር ያዙ!» ተባባሉ። እማማ ውድነሽ አልሸሹም፤ መንገዱ መካከል ቆሙ። አንዷ፣ «እማማ፣ ሌላውንም እጅ ሊያስሰብሩ ነው?» ብላ ጎተተቻቸው። እምቢ አሉ።

ያን ጊዜ ከመንገዱ ጥምዝምዝ በላይ፣ ሰውየው ገና ሳይታይ፣ ፍሬን ተይዞ ዲስኩ ሲያፏጭ ተሰማ። ረጅም ፉጨት። ጓደኞቹ በዳር በዳር አልፈውት ወረዱ፤ እየሳቁበት ወረዱ። እሱ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ እየገፋ፣ በእግሩ መጣ።

«እማማ፣ ያን ዕለት አልያዝኩም» አለ። «አይቼዎት ነበር። መቀደም ስላልፈለግኩ ነው።»

«እሱን ነው ስጠብቅ የነበረው» አሉና ግራ እጃቸውን ዘረጉለት። ቀኙ እንደታሰረ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ከዚህ ወጥታችሁ ወደየቤታችሁ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለት ነው። ከታች ባዶ ጀሪካን ይዞ ሽቅብ የሚመጣ ሰው አላችሁ፤ ስሙን ታውቁታላችሁ፣ ስታልፉት ምን ብላችሁ እንደጮኻችሁበትም ታውቃላችሁ። ዛሬ መንገዱ መካከል ቆሟል። ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጠው የዲስካችሁን ስፋት አይደለም። ፉጨቱን ነው።