ስምንቷ ከየት መጣች?

ይህን የነገረችኝ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አፀደ ናት፤ መወልወያዋን ተደግፋ ሁሉንም በዓይኗ አይታለች።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ ከሜትሯ ወዲያ ቁጥር አታውቅም። ተማሪዎቹ ግን ከባድ ከባዱን ሒሳብ ይዘው የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። "እስቲ ለእኔ አስረዱኝ" ትላቸዋለች። አንዲት ነገር ከዘለሉባት፣ "አልገባኝም፤ ተርትሩትና እንደገና ስፉት!" እንዲህ እያለች ከመካከላቸው አምስቱን ለክልሉ የሒሳብ ውድድር አበቃቻቸው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሞላልኝ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልጆቹም ባሉበት፣ አስጠሯትና ሰሌዳውን በሒሳብ ሞልተው፣ "በይ ሥሪው! ካቃተሽ ልጆቹ ደጅሽን አይረግጡም፤ ውድድሩም ይቀርባቸዋል" አሏት።

ሴትዮዋ ወደ ልጆቹ ዞር አለች። አንዷ ልታለቅስ ደርሳለች።

"እሺ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ግን ያስረዱኝ።"

እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ አስቆመቻቸው።

"ይቺ ስምንት ከየት መጣች?"

"የታወቀ ነው!"

"ለማን ነው የታወቀው?"

አቶ ሞላልኝ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። አዩት፣ አዩት፣ ጠመኔው እጃቸው ላይ ተሰበረ እንጂ ስምንቷ የመጣችበት አልተገኘም።

"አይጨነቁ ጌታዬ" አለች ሴትዮዋ፣ "ልጆቹም መጀመሪያ የመጡ ቀን እንደዚሁ ነበሩ። ነገ ከእነሱ ጋር ብቅ ይበሉ፤ በርጩማ አላጣልዎትም።"

ልጆቹ ተወዳደሩ፤ ያቺ ልታለቅስ የነበረችው ሁለተኛ ወጣች። አቶ ሞላልኝ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ሴትዮዋ ዛሬም እዚያው ትሰፋለች፤ ስምንቷ ከየት እንደመጣች አታውቅም።