ጴንጤ አያለቅስም ያለው የእድር ዳኛ

አንድ ሰው ነበረ። ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም ስንዱ፤ ቆይ፣ እደርስበታለሁ። ይህ ሰው የሰፈሩ እድር ዳኛ ነበር። ደግ ነው፤ ሰው ሲሞት ከጡሩምባ ነፊው ቀድሞ ይነሣል። አንድ ክፋት አለበት፤ አንዴ ያየውን ነገር ሁለተኛ ማየት አይወድም።

በእድሩ ውስጥ ሰፈርተኛው «ጴንጤ» የሚላቸው ጥቂት የወንጌል አማኞች ነበሩ። አንድ ጊዜ ከእነሱ የአንዱ አባት ሞተና ዳኛው እንደ ወጉ እየጮኸ ገባ። ቤተሰቡ ግን እያጨበጨበ ይዘምር ነበር። «አባታችን ወደ ጌታ ሄዷል፤ አይለቀስም» ብለው ዝም አሰኙት። በጣም አፈረ። ጴንጤ አያለቅስም የሚለውን ያን ቀን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም።

ከዓመታት በኋላ ከወለጋ የመጣ አንድ አናጺ እናቱ ሞተችበት። እሱም የወንጌል አማኝ ነው። ዳኛው ዘንድሮስ አላፍርም ብሎ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመ። «እንባችሁን ጥረጉ፤ ጴንጤ ቤት አይለቀስም» እያለ ለቀስተኛውን ያስገባል። ሙሾ ሊያወርዱ የጀመሩትን ሴቶች አስቆመ። ይባስ ብሎ ከሌላ ሰፈር ዘማሪዎች ከነድምፅ ማጉያቸው አስመጣ። ጭብጨባው ቀለጠ። አናጺው አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

ዳኛው ምስጋና ሲጠብቅ አናጺው ተነሥቶ መጣ፤ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ለእናቴ ማልቀስ እፈልጋለሁ። ማንን ላስፈቅድ?»

ዳኛው ክው አለ። «እናንተ አታለቅሱም ብዬ እኮ ነው።»

«የሌላውን ቤት አላውቅም። እኛ ቤት ይለቀሳል። አያቴም በዚሁ እምነት ነው የኖረው፤ እያለቀስን ነው የቀበርነው።»

ዳኛው ሄዶ ድምፅ ማጉያውን በገዛ እጁ አጠፋ። ተመልሶ አናጺውን አቀፈውና አብረው አለቀሱ። ሴቶቹም ተከተሉ።

ከቀብር በኋላ ዳኛው እንቅልፍ አጣ። በየቤታቸው እየዞረ መጠየቅ ጀመረ። አንዱ ቤት ይዘመራል፤ ሌላው ቤት መጽሐፍ ተነቦ ጸጥ ይባላል። የዚያ መጀመሪያ የዘመረው ቤት ሴት ልጅ እንኳ ምን አለችው? «እኔ ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ወንድሜን ፈርቼ ነው ያጨበጨብኩት።» ዳኛው ሳቀም፣ አዘነም። እዚያው ደጃፍ ለደጃፍ ሲኖሩ አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «ሽማግሌ ልከውብኛል፤ ልጄን ለጴንጤ ልስጥ ወይ? እነዚህ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?» ነው ያልሽኝ። ስንዱ፣ አንቺም እንደ ዳኛው ነሽ። የምታውቂው ያንን በጸሎት ጩኸት እንቅልፍ የነሣሽን ጎረቤትሽን ብቻ ነው። ልጅሽን የጠየቀው ግን እሱ አይደለም። እኔም ልጁን አላውቀውም፤ ስለማላውቀው ሰው ምን ብዬ ልንገርሽ? ጥሪውና አስቀምጪው። ምን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚያሳዝነው፣ ልጅሽን እንዴት ሊያኖራት እንዳሰበ ከራሱ አፍ ስሚ። ከዚያ እንቢ ካልሽም፣ እንቢታሽ ለእሱ ይሁን፤ ለጎረቤትሽ አይሁን።