ነጩ ባንዲራ ሳያልፍ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስሙ ሽመክት ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ እንዲታወቅለት ደግሞ ትንሽ ይወዳል። ይህ ብዙዎቻችን ያለብን አመል ነውና ገና ከመጀመሪያው አትፍረዱበት።

የሚኖርባት ከተማ በየዓመቱ የአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሩጫ ታዘጋጃለች። ሽመክት በዚያ ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት ተመዘገበና የመጨረሻው የውሃ ጠረጴዛ ተሰጠው። ቦታው የረጅሙ ዳገት ራስ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ፍጻሜው ሜዳ ድረስ ውሃ የለም። አዘጋጆቹ ያዘዙት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ለአንድ ሯጭ አንድ ጠርሙስ ስጥ፤ ከሁሉም ኋላ ነጭ ባንዲራ የያዘ ሰው ይመጣል፣ እሱ ሳያልፍ ከቦታህ እንዳትነሳ አሉት።

ባንዲራ ያዡ አቶ ተካበ የሚባሉ ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው። ሥራቸው ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ኋላ መሄድ ነው። ሯጩ ቢያዘግም ያዘግማሉ፣ ቢቆም ይቆማሉ፤ መቅደም ግን አይፈቀድላቸውም።

ሩጫው ተጀመረ። ፊተኞቹ ዳገቱን ሲወጡ የቴሌቪዥን መኪና አብሯቸው ነበር። ሽመክት ካሜራውን ሲያይ ልቡ ሞቀ። ለመሪው ውሃ ሰጠው፤ ሌላ ጠርሙስ ከፍቶ ራሱ ላይ አፈሰሰለት፤ ከጎኑ እየሮጠም ሦስተኛውን ጀርባው ላይ ደፋለት። ሰው አጨበጨበ። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም እንዲሁ አደረገ። አብረውት የነበሩት በጎ ፈቃደኞች ይህን አይተው እነሱም ይሽቀዳደሙ ጀመር። መንገዱ ዝናብ የዘነበበት እስኪመስል ራሰ። ሯጮቹ ከሚሰጣቸው አንድ ጊዜ ጎንጨት እያሉ የቀረውን ይወረውሩታል፤ ያልጠማው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

ረፋዱ ላይ ሯጮቹ እየሳሱ መጡ፤ አጨብጫቢውም ወደ ፍጻሜው ሜዳ ወረደ። የውሃ ካርቶኖቹ ባዶ ሆነዋል። ሽመክት ዳገቱን ቁልቁል ቢያይ ማንም የለም። ሜዳው ላይ ምሳ እንዳለ፣ የምስጋና ወረቀትም እንደሚታደል ሰምቷል። ሁሉም አልፈዋል ብሎ ጠረጴዛውን አጣጠፈና ከጓደኞቹ ጋር ሄደ።

ሁሉም ግን አላለፉም ነበር። እቴነሽ የምትባል የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ቀርታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሩጫውን ከሥራ ቦታዋ መስኮት ስታየው ኖራ፣ በዚያ ዓመት ለባሏ እያዘገምኩም ቢሆን እጨርሰዋለሁ ብላው የወጣች ሴት ናት። ቀትር ላይ የዳገቱ ሥር ስትደርስ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከኋላዋ ያሉት አቶ ተካበ፣ አይዞሽ፣ ዳገቱ ራስ ላይ ውሃ አለ አሏት። ይህንኑ እየደጋገሙ አወጧት። እሷም ለዚያ ውሃ ስትል ወጣች። ዳገቱ ራስ ላይ ስትደርስ ያገኘችው የተጣለ ጠርሙስ የሞላበት ባዶ መንገድ ነው። መንገዱ ዳር ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታም ጋደም አለች።

ሽማግሌው ለአምቡላንስ ደወሉ። አምቡላንሱ ግን ከአሸናፊዎቹ ጋር ሜዳው ላይ ስለነበር በሰዉ መሃል መውጫ አጣ። አቶ ተካበ ባንዲራውን መሬት ጥለው ተንበረከኩ። ክዳን የሌላቸውን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያነሱ፣ በውስጣቸው የቀረውን ጠብታ ወደ አንድ ጠርሙስ ያጠራቅሙ ጀመር። ግማሽ ሲደርስላቸው ይዘው ሮጡ። እቴነሽ መዋጥ አልቻለችም። አምቡላንሱ ሲደርስ ሕይወቷ አልፏል።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ሽመክትን ሜዳው ላይ ፈልገው አገኙት። የምስጋና ወረቀቱን ይዟል። የሆነውን ነገሩት።

"ሁሉም ያለፉ መስሎኝ ነው እኮ፣ አባባ" አለ።

"ባንዲራውን አይተህ ነበር?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው አላለፉም" አሉት። አልጮኹበትም። ግማሿን ጠርሙስ እጁ ላይ አስይዘውት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሽመክት ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። የእቴነሽ ባል በቴሌቪዥን አይቶት ኖሮ፣ ገና ከበሩ ሲያየው ተነስቶ ተቀበለው፤ አጠገቡም አስቀመጠው።

"የመጨረሻው ውሃ ጋ የነበርከው አንተ ነህ አይደል? ለዚያ ሯጭ ስታፈስለት አየሁህ። እግዜር ይስጥህ" አለው። ቀጥሎም፣ "እሷስ አንተ ጋ ስትደርስ ምን አለችህ? በጣም ደክሟት ነበር?" ብሎ ጠየቀው።

ሽመክት አፉ ደርቆ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ባልየው ይህን አይቶ ለሰውየው ውሃ ስጡት አለ። ውሃ በብርጭቆ መጣለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ እውነቱን ተናገረ። እሷ ስትደርስ እንዳልነበረ፣ የእሷንም ውሃ ላልጠማው ሰው አፍስሶ እንደጨረሰ፣ ሳይደብቅ ተናገረ። ባልየው አቀረቀረ፤ ቀና ሲል ብርጭቆው እንዳልተነካ አየ።

"ጠጣው" አለው በመጨረሻ። "እኛ ቤት ለመጣ ሰው ውሃ አይከለከልም።"

ሽመክት ግን አንድ ጉንጭ እንኳ መዋጥ አቃተው።

ዛሬ አቶ ተካበ እግራቸው ደክሟል። ነጩን ባንዲራ የሚይዘው ሽመክት ነው። ጀርባው ላይ ውሃ ተሸክሞ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ ያዘግማል። እሱ ሜዳው ሲደርስ ሰዉ ተበትኗል፣ ድንኳኑም ፈርሷል፤ የሚያጨበጭብለት የለም። ይህ እቴነሽን እንደማይመልሳት ያውቃል። ያችን ግማሽ ጠርሙስ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጧታል፤ ደንበኞቹ ለምን እንደማይጥላት ይጠይቁታል፣ እሱም ስፌቱን ይቀጥላል።

ወዳጆቼ፣ ሰው እያየን ያፈሰስነው ውሃ ለራሳችን ያፈሰስነው ነው። የደግነት ሥራ የሚጀምረው ጭብጨባው ካለቀ፣ ካሜራውም ከሄደ በኋላ ነው፤ በእርግጥ የጠማው ሰው የሚመጣው ያን ጊዜ ነውና። ከፊት ያለውን ሁሉም ያየዋል። ከኋላ የቀረውን የሚያየው ቦታውን ሳይለቅ የጠበቀ ብቻ ነው።

እናንተስ፣ ሁሉም አልፈዋል ብላችሁ ጠረጴዛችሁን ያጣጠፋችሁት ባንዲራውን አይታችሁ ነው?