የጫፍ ቤት ኩበት

«ልጄ፣ የገባሽው ጫፍ ቤት ነው፤ ሙቀቱ እስኪደርስሽ ታገሺ።» ዘነቡን እናቷ በሠርጓ ማግስት እንዲህ ብለው እንደመከሯት የውርጭ አምባ ሽማግሌዎች ያወራሉ።

ዛሬም በውርጭ አምባ ብርዱ ሲጠና፣ አምስቱ ቤቶች አብረው በሚሞቁበት ምድጃ የመጀመሪያውን ኩበት የምታኖረው የጫፍ ቤቷ እመቤት ናት፤ እሷ ሳታኖር እሳት አይጫርም። ምድጃው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ ቤቶቹ ከበላዩ ሽቅብ ተደርድረዋል። ትኩሱ ጢስ በድንጋይ ቦይ እየተሳበ የየቤቱን መደብ ከሥር ያሞቅና በጫፍ ቤት ግድግዳ በኩል ይወጣል።

እንደሚነገረው፣ ዘነቡ ካገባች በኋላ በአንድ የብርድ ወራት አራስ ነበረች፤ ባሏ ለጨው ንግድ ቆላ ወርዶ ሰንብቷልና የኩበት ድርሻዋን የሚያወርድላት አልነበረም። ምድጃውን የሚጠብቁት አያ ቢሻው ደግሞ «ኩበት ያላመጣ አይሞቅም» ብለው ከአራተኛው ቤት በላይ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት። «ኧረ አራስ ናት» ቢሏቸው፣ «ታዲያ እኔ ነኝ ያስወለድኳት?» አሉ ይባላል።

ዘነቡ የልጇ እግር እንደ ወንዝ ጠጠር ሲቀዘቅዝባት ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ በሌላ እጇ መደቡን እየዳሰሰች ጠበቀች። መደቡ በረደ። ጥቂት ቆይቶ ከታች ሳል ተሰማ፤ መውጫ ያጣው ጢስ ተመልሶ አራቱንም ቤት ሞልቷቸው፣ ሰዉ ከነልጆቹ ውርጩ ላይ ወጥቶ ነበር። የአያ ቢሻው ሚስት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እንግዲህ ዛሬ ደጅ ማደራችን ነው፤ ከጅቡ ጋር አንተ ተጫወት» አሏቸው። አያ ቢሻው ምድጃውን ቢቆሰቁሱት ባሰ።

ያኔ ዘነቡ ልጇን እንዳቀፈች ብቅ ብላ፣ «አያ ቢሻው፣ የጢሱ መውጫ እኮ እኔ ቤት ነው። እኔን ደፍነው ራስዎን አፈኑ» አለች። ሰዉ እያሳለ ሳቀ። አያ ቢሻው ግን ሳይስቁ ወጥተው ድፍኑን በገዛ እጃቸው አፈረሱት፤ ጢሱም ሽቅብ ተሳበ፣ የጫፍ ቤት መደብ ቀስ እያለ ሞቀ፣ የሕፃኑም እግር ተፍታታ። ከዚያ ወዲህ ያን ቦይ የነካ የለም ይባላል።

በማግስቱ አያ ቢሻው እሳት ሊጭሩ ሲወርዱ ዘነቡ ቀድማቸው ደርሳ አገኟት። ለአጥሚቷ ማፍያ ያስቀረቻትን አንዲት ኩበት ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ምድጃው ውስጥ አኖረችና፣ «ይጫሩ እንግዲህ» ብላ ወደ ልጇ ወጣች።