ለአንድ ዓረፍተ ነገር የተባረረች ፍየል

ሌላ ወሬ ያላችሁ ለጊዜው አቆዩት፤ የዘይቱና ይቀድማል።

ዘይቱና የበቆጂ ሯጭ ናት። አምና ስፔን ለውድድር ሄዳ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ግራ ሲገባት፣ አንዱ ሰባት ጣት አሳያት። እሷም በአገሯ አቆጣጠር ምሳዋን በልታ በሰባት ሰዓት ወጣች። አውቶቡሱ ጠዋት ሄዷል፣ ውድድሩም አልቋል። ዘንድሮ ለመጨረሻ ጊዜ ጠርተዋታል። ታዲያ የምትፈልገው አንድ የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ሰዓት መነሣት አለብኝ?» ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት መኪና ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

በልጅነታቸው ኩባ የተማሩት ጋሽ ተረፈ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ተረፈ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው፣ ስፓኒሽ ያለ ጥርስ እንደማይነገር፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውም ጥርስ ሠሪው ኢዘዲን ጋ እንደሆነ ነገሯት። መጀመሪያ ጥርሱ መምጣት አለበት።

ኢዘዲን ጥርሱን ሞርዶ መጨረስ አለበት፤ ነገር ግን ነፋስ የመብራቱን ሽቦ በጥሶታል። መብራት ካልመጣ ጥርሱ አይሞረድም፤ ጥርሱ ካልተሞረደ ጋሽ ተረፈ አይናገሩም።

ኤሌክትሪሻኑ ሙሉነህ ሽቦውን ዛሬውኑ መቀጠል አለበት፤ መሰላል ግን የለውም። መሰላል ካልተገኘ ሙሉነህ አይወጣም፤ ሙሉነህ ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ጥርሱ አይሞረድም፤ ጥርሱ ካልተሞረደ ጋሽ ተረፈ አይናገሩም።

መሰላሉ እትዬ አለሚቱ መጋዘን ውስጥ ነው። እትዬ አለሚቱ ግን አጥር ሥር ቆመው ወደ ጋራው ያያሉ።

«ፍየሌ አምልጣ ነው ልጄ። ጅብ ሳይቀድመኝ መያዝ አለብኝ። ከዚያ በፊት ቁልፍ አልነካም።»

ዘይቱና ተናደደች፤ ሆዷም ባባ። ፍየሏ ካልተያዘች መጋዘኑ አይከፈትም፤ መጋዘኑ ካልተከፈተ መሰላል አይወጣም፤ መሰላል ካልወጣ ሙሉነህ አይወጣም፤ ሙሉነህ ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ጥርሱ አይሞረድም፤ ጥርሱ ካልተሞረደ ጋሽ ተረፈ አይናገሩም፤ ጋሽ ተረፈ ካልተናገሩ ዘይቱና ዘንድሮም ጉድ ሆነች።

ፍየሏ በማንም አላመካኘችም። ምንም ግዴታ ስለሌለባት ዘይቱናን ስታይ ዝም ብላ ሮጠች። ዘይቱናም ጫማዋን አጥብቃ ተከተለቻት። ፍየል ፈጣን ናት፤ ረጅም ርቀት ግን አልሠለጠነችም። ከጋራው ማዶ ትንፋሿ አጥሮ ቆመች።

ከዚያማ ምን ችግር አለ። ፍየሏ ታሰረች፣ መጋዘኑ ተከፈተ፣ መሰላሉ ወጣ፣ ሙሉነህ ወጣ፣ መብራት መጣ፣ ጥርሱ ተሞረደ፣ ጋሽ ተረፈም ጎረሱት።

«አ ኬ ኦራ ቴንጎ ኬ ሳሊር» አሉ ጥርት አድርገው። ጠዋት ሰባት ካሏት የእኛ አንድ ሰዓት መሆኑን ነገሯትና እንድትጠይቃቸው አዘዟት።

«አ ኬ ኦራ ቴንጎ ኬ ሳሊር?» አለች ዘይቱና።

ጋሽ ተረፈ መልሱን በስፓኒሽ ሊሰጧት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መኪናው በመስኮቱ ፊት አልፎ ወደ እሷ ቤት ሲታጠፍ አዩ።

«አሁን» አሏት፤ በአማርኛ።