ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ። ሳቅ ፈልጎ የመጣ ካለ ግን ከአሁኑ ይነሣ፤ የዛሬው ተረቴ አያስቅም።

ድሮ፣ እንስሳት ደብዳቤ ይጻጻፉ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ይህ ጃርት ጸሐፊ ነው። ብዕር ሲያስፈልገው እጁን ወደ ኋላው ይሰድና ከገዛ ጀርባው አንድ እሾህ ይነቅላል፤ «እህ!» ይላል፤ ከዚያ ይጽፋል። አንበሳ ቢታመም፣ ጎሽ ልጁን ቢድር፣ ደብዳቤው የሚወጣው ከጃርት እጅ ነው።

ጃርት ሌላው እንስሳ የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቅ ነበር። የመንገደኛ ወፎችን ቋንቋ ያውቃል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከባሕር ማዶ ወፎች ወደ ሐይቁ ይመጣሉ። ዳክዬው ከአንድ አገር ነው፣ ዝይው ከሌላ አገር፣ ሽመላው ደግሞ ከሌላ። የእናት ቋንቋቸው ለየቅል ነው። ሰማይ ላይ ሲገናኙ ግን ሁሉም በአንድ የመንገድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ አንዱ እያቀላጠፈ፣ አንዱ እየተንተባተበ።

ቋንቋውን ያስተማረችው እመት ሽመላ ናት። አንድ ዓመት ክንፏ ተሰብሮ ጓደኞቿ ጥለዋት ሲሄዱ፣ ጃርት ጉድጓዱ አስገብቶ ከበጋ እስከ ክረምት አስታመማት። እሷም ውለታውን በቋንቋ መለሰች።

«አያ ጃርት» ትለው ነበር፣ «በዚህ ቋንቋ ስትጽፍ የምታነብልህ ወፍ በእናቷ ቋንቋ እያነበበች እንዳልሆነ አትርሳ። እየበረረች ነው የምታነበው። ደክሟታል፣ ጠምቷታል። ዋናውን ነገር አስቀድመህ ንገራት። ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ያዝ።»

«እሺ፣ እመት ሽመላ» ይላል ጃርት። እሺ ይበል እንጂ ልቡ ሌላ ጋ ነበር። እሱ የወደደው ከባድ ከባዱን ቃል ነው። ሽመላ ራሷ የማታውቀውን ቃል ከሚያልፉ ሽማግሌ ወፎች እየጠየቀ ያጠራቅም ነበር። ማንም አንድ አመል አያጣም፤ የእሱም ይህ ነበርና እኔ አልፈርድበትም።

ክንፏ ሲድን ሄደች። በዓመቱም ሦስት ልጆች ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ መስከረም በመጣ ቁጥር ትመጣለች፤ ጃርትም ዓመቱን ሙሉ ቀን ሲቆጥር ይኖራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ በዚህ ዓለም ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ክረምት ግን ከተራራው ስንጥቅ ክፉ ውሃ ፈልቆ ሐይቁ ውስጥ ገባ። የጉማሬ ልጅ ጠጣ፤ ሞተ። ድኩላ ጠጣች፤ ሞተች። የአገሩ እንስሳት ነገሩ ሲገባቸው ሐይቁን ትተው ወደ ላይኛው ምንጭ ወጡ። ውሃው ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ከሰማይ ለሚያየው እንደ ድሮው ሰማያዊ ነው።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንስሳቱ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አባ ጉሬዛ ነበሩ፤ ነጭ ካባ ለብሰው የተወለዱ ናቸውና ሽምግልናው ሁልጊዜ የእሳቸው ነው።

«ጃርት» አሉ፣ «እንግዶቻችን ሊመጡ ነው። ሳይመጡ ጻፍላቸው።»

እመት ሸረሪትም «አንተ ጻፍ፣ እኔ በድሬ ላይ እሠራዋለሁ» አለች። «እህቶቼ ከዛፍ ዛፍ ይቀባበሉታል። ባደረ በማግስቱ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። የማያየው ወፍ የለም።»

ጃርት አንድ እሾህ ነቀለ። «እህ!» እሾሁም አፍ አውጥቶ ተናገረ።

«አባቴ፣ ምን ልንጽፍ ነው?»

«ሐይቁ መመረዙን።»

«እንግዲያው “ውሃው ይገድላል፤ አትውረዱ” እንበል። አለቀ።»

ጃርት ደነገጠ። «አሳዳጊ የበደለህ! ሰላምታ የለ፣ እንደምን ከረማችሁ የለ! እንግዳን እንዲህ አድርጎ የሚቀበል ማን ነው?»

አባ ጉሬዛም ራሳቸውን ነቀነቁ። «መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ክፉ ወሬ ደብዳቤው ራስ ላይ ከተቀመጠ የአገራችን ስም ይጠፋል።»

ጃርትም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የተከበራችሁና የተናፈቃችሁ የባሕር ማዶ እንግዶቻችን ሆይ፣ ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። ዝናቡ ዘንቧል፤ ሜዳው አብቧል…» እያለ ወረደ። ሐይቁ የተነሣው በሃያኛው መስመር ላይ ነው፤ እሱም «በውሃው ረገድ ጥቂት ቅር የሚያሰኝ ነገር ቢኖርም» ተብሎ። አባ ጉሬዛ ሲነበብላቸው ዕንባ ተናነቃቸው። «ደብዳቤ ማለት ይህ ነው» አሉ።

መጀመሪያ ዳክዬዎቹ መጡ። ከድሩ በላይ ሲያልፉ የኋለኛው የፊተኛውን ጠየቀው።

«ምን ይላል?»

«ደህና ነን ይላል። ሜዳው አብቧል ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ረጅም ነው እባክህ። እንውረድ!»

ወረዱ። ጠጡ። ሞቱ። ሬሳቸውን ቄጤማው ሸፈነው። ጃርት ከዳር ሆኖ «እስከ መጨረሻው አንብቡት!» እያለ ጮኾ ነበር፤ የጃርት ድምፅ ግን ከምድር ከፍ አይልም።

ሁለተኛ እሾህ ነቀለ። «እህ!»

«አባቴ» አለ እሾሁ፣ «“ውሃው ይገድላል፤ አትውረዱ” እንበል።»

«ዝም በል!» አለ ጃርት። «ያልሰሙኝ ጽሑፌ ክብደት ስላጣ ነው።» ሲያጠራቅማቸው የኖረውን ቃላት አወጣ። ሰላምታውን አሳጠረ፤ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን» የምትለዋን ግን አልነካትም፤ ያለሷ ደብዳቤ መች ደብዳቤ ይሆናል? ቀጥሎም «የሐይቁ ፈሳሽ አካል ለሕያዋን ኅልውና ተጻራሪ የሆነ ጠባይ ተላብሷልና» ብሎ ጻፈ። ከዋርካው ሥር የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። የገባው ግን አንድም አልነበረም።

ዝይዎቹ መጡ። መሪያቸው የመንገዱን ቋንቋ የሚያውቀው እስከ ግማሹ ነው።

«ኅልውና ምንድን ነው?» አለ።

«እንጃ።»

«ተጻራሪስ?»

«እኔም አላውቅ። ብቻ ደህና ነን የሚል አለበት።»

አንድ ጊዜ ዞሩ። ሁለት ጊዜ ዞሩ። ክንፋቸው ዛለ፣ ጉሮሯቸው ደረቀ። «ወርደን እንጠይቅ» አለ መሪው። ወረዱ። ከመጠየቃቸው በፊት ጠጡ። እነሱም ሞቱ።

ያን ጊዜ ጃርት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከጀርባው ሦስተኛ እሾህ ነቀለ፤ የዚህን ጊዜ «እህ» እንኳ አላለም።

«አባቴ…» አለ እሾሁ።

«አውቄዋለሁ» አለ ጃርት። «ውሃው ይገድላል፤ አትውረዱ። ሌላ ምንም።»

እመት ሸረሪት ተቀብላው ወደ ድሯ ወጣች። «አሮጌውን አፍርሼ ይህን እስክሠራ ቀትር ይሆናል፤ ባሕሩ ዳር የሚደርሰው ደግሞ ነገ ነው» አለችው።

ቀትር ሳይሆን አንዲት ነጭ ወፍ ከሰሜን ብቅ አለች። ጃርት ገና ከሩቅ፣ ከክንፏ ስብራት አወቃት። እመት ሽመላ ናት። ወደ ድሩ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ጃርት በዚያች አጭር እግሩ የሐይቁን ዳር ይዞ ሮጠ፤ «አትጠጪ! አትጠጪ!» እያለ ሮጠ። ሲደርስ አንገቷን ከውሃው እያነሣች ነበር።

«አያ ጃርት!» አለችው በደስታ። «ደህና ነህ?»

እሷም ጥቂት ቆይታ ጉልበቷ ሲከዳት ነገሩ ገባት። ቄጤማው ውስጥ ያለውንም አየች።

«ውሃው ነው?»

«ውሃው ነው።»

«ደብዳቤህን እኮ ባሕሩ ዳር አንብቤዋለሁ» አለች። «“ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን” ብለህ ነበር። ልጆቼ ትንሽ እንረፍ ሲሉኝ፣ ወዳጄ ደህና ነው፣ ናፍቆኛል፣ እኔ ልቅደም ብዬ መጣሁ።»

«ከታች ጽፌው ነበር… ከታች…»

«እየበረርኩ ነበር፣ አያ ጃርት። ጠምቶኝ ነበር።»

አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ክንፏን ዘርግታ ተኛችና «ልጆቼ ነገ ይመጣሉ። ለእነሱ ጻፍላቸው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ጃርት ራሷን ደግፎ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ ሲጨልምም ቆፍሮ ቀበራት።

በማግስቱ ሦስቱ ልጆች መጡ። አዲሱን ደብዳቤ በመንገድ አንብበውታል። አልወረዱም። ነገር ግን አልሄዱም። ከዋርካው በላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤ ከላይ ድምፃቸው ይሰማል።

«እናታችንስ?» ይላል አንዱ። «ትናንት ቀድማን መጥታለች። እናታችን የት ናት?»

እንስሳቱ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ጃርት አራተኛ እሾህ ነቀለና «ሞታለች ብለሽ ሥሪልኝ» አለ ለእመት ሸረሪት።

አባ ጉሬዛ ካባቸውን አራገፉ። «ኧረ ጃርት! ለልጅ የእናቱ ሞት እንዲህ ይነገራል? በሜዳ ላይ፣ በሰማይ ላይ፣ አፅናኝ በሌለበት? ደክሟት ተኝታለች በላቸው። የቀረውን አገራቸው ሲገቡ ይሰሙታል።»

«አባ ጉሬዛ» አለ ጃርት፣ «ተኝታለች ካልኳቸው ሊቀሰቅሷት ይወርዳሉ።»

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

እመት ሸረሪት ሠራችው። በድሩ ላይ ሌላ ቃል አልነበረም። «እናታችሁ ሞታለች። አትውረዱ። ሂዱ።» ጃርት እጁ ሌላ ቃል ሊጨምር ይቃጣው ነበር። እወዳት ነበር ሊል ይፈልጋል፤ ይቅር በሉኝ ሊል ይፈልጋል። እነዚያን ቃላት ዋጣቸው፤ ሲውጣቸውም እንደ አጥንት ጉሮሮውን ቧጠጡት።

ሦስቱ ልጆች አነበቡ። ከሰማይ የወረደው ጩኸት ያገሩን እንስሳ ሁሉ አስለቀሰ። አንድ ጊዜ ዞሩ። ከዚያ ክንፋቸውን አቅንተው ወደ ደቡብ፣ ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄዱ። ስንብት አላሉም። ማን ጻፈው ብለውም አልጠየቁም። ጃርት ሦስት ነጥብ እስኪሆኑ አያቸው፤ ነጥቦቹም ጠፉ፤ እሱ ግን ማየቱን አልተወም።

ሰማችሁ? ሦስቱ ዛሬም በሕይወት አሉ ይባላል። ጃርቱም የእናታቸው መቃብር ዳር እስኪሞት ኖረ። እኔ ይህን ተረት ስናገር ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል፤ እኛም ያው ነንና፤ ሰው ሲሞትብን «ደህና ነን» ብለን የምንጀምር።

ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን አወራሁ፤ የቀረውን ከልባችሁ ጨምሩበት። ብቻ ይህችን ያዙ፦ ያማረ ቃል ለጎረቤት፣ የተገለጠ ቃል ለመንገደኛ።