የደብሪቱ ጣትና የጎረቤት ዳማከሴ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ በረቱን ዝጉና ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ላወጋችሁ ነው።

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ፈታይ ነበረች። እንዝርቷን ስታሾር ክሯ እንደ ጠጉር ይቀጥናል። ጎረቤቷ ደግሞ ወርቅያንሹ ትባላለች። ሁለቱ በአንድ አጥር ተዋስነው ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ምነው ቢሉ፣ በዶሮ ነው። የደብሪቱ ዶሮ የወርቅያንሹን የጎመን ችግኝ ጫረችና ወርቅያንሹ፦
፦ ዶሮዋም ባለቤቷን ትመስላለች፣ አለች።
በቃ። ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ በላይኛው መንገድ ውሃ ትወርዳለች፣ ወርቅያንሹ በታችኛው።

ታዲያ የደብሪቱ ልጅ ስመኝ ልትዳር ሆነ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደብሪቱ አጥር ስታጥር የቀጋ እሾህ ጣቷን ወጋት። እሾሁን ነቀለችና ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያም ጣቷ አበጠና መግል ያዘ። እንዝርት መያዝ አቃታት። የሠርጉን ቀሚስ የሚሠራው ሸማኔም መጣና፦
፦ የምትፈትይው ማግ ካልደረሰልኝ የሙሽራዪቱ ቀሚስ አይደርስም። ቁርጡን ንገሪኝ፣ አላት።
፦ ይደርሳል፣ አለች ደብሪቱ፣ ጣቷን በነጠላዋ ሸፍና።

ስመኝ ግን አይታ ነበርና፦
፦ እማዬ፣ በእትዬ ወርቅያንሹ ጓሮ ዳማከሴ ሞልቷል። ቁስል ያደርቃል ይላሉ። ልሂድና ልለምናቸው፣ አለቻት።
፦ ጣቴ ይቆረጥ እንጂ የሷን ቅጠል አልለምንም።

አልለመነችም። ወርቅያንሹ ገበያ እስክትሄድ ጠበቀችና በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰዳ አንድ እፍኝ ቀጠፈች። አሸችና ጭማቂውን ቁስሉ ላይ ጨመቀች። በማግስቱ ጥዝጣዜው ቀለል አላት። ደስ አላትና ደግማ ቀጠፈች።

ዳማከሴ ግን እንደ ሌላ ቅጠል ዝም ብሎ አይሰረቅም። ሽታው ከእጅ ወደ ነጠላ፣ ከነጠላ ወደ ጠጉር ይገባል። እሑድ ደብሪቱ ለቅዳሴ ስትቆም ዙሪያዋ ሁሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። ከኋላዋ የቆመችው ወርቅያንሹ አንዴ አሸተተች። ደግማ አሸተተች፤ ከነጠላው ሥር የወጣውን መግል የያዘ ጣትም አየች። ደብሪቱም «አሁን በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው» ብላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። ወርቅያንሹ ግን ምንም አልተናገረችም።

ከቅዳሴ በኋላ የደብሪቱ በር ተንኳኳ። ወርቅያንሹ ነበረች። በአንድ እጇ የፈላ ቅጠል የሚተንበት ማሰሮ፣ በሌላው አንድ እቅፍ ዳማከሴ ይዛለች።
፦ ስርቆቱንስ ተዪው፤ ያናደደኝ አሠራርሽ ነው፣ አለች። መግሉ ሳይወጣ፣ ባልታጠበ እጅ ጨምቀሽ ምን ሊሠራልሽ? መጀመሪያ ይፈላል፤ ለብ ሲል ቁስሉ በሱ ይታጠባል፤ ጭማቂው ከዚያ ነው። ጣትሽን አምጪ።

ደብሪቱ እጇን ዘረጋች። ወርቅያንሹ ጎንበስ ብላ አጠበችላት፤ መግሉም ወጣ። ከሕመሙ ይሁን ከሌላ፣ የደብሪቱ ዕንባ ወረደ።
፦ ቤተ ክርስቲያን ለምን ዝም አልሽኝ?
፦ ሰባት ዓመት ሙሉ በርሽን የማንኳኳበት ሰበብ ሳጣ ኖሬ፣ ያገኘሁ ቀን ላበላሸው?
ሁለቱም ሳቁ። ጓዳ ሆና የምትሰማው ስመኝም ሳቀች።

ከዚያም ወርቅያንሹ በየማለዳው እየመጣች አጠበችላት። በስምንተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለና ቁስሉ ደረቀ። ጥጡ ግን ገና ክምር ነበር፣ ቀኑም ተቃርቧል። ወርቅያንሹ የራሷን እንዝርት ይዛ መጣችና ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈተሉ። የወርቅያንሹ ክር ወፈር ያለ ነበር፤ ደብሪቱ አየችና እንዳለ ከራሷ ክር ጎን አኖረችው። ማጉ ደረሰ፤ ቀሚሱም ደረሰ።

በሠርጉ ቀን አንዲት እድምተኛ ቀሚሱን ዳሰሰችና፦
፦ ደብሪቱ፣ እጅሽ ምን ነካው? ይኼ ጎኑ ወፈረብሽሳ፣ አለቻት።
፦ እሱማ የሚሞቀው ጎን ነው፣ አለች ደብሪቱ። የወርቅያንሹንም እጅ ሳበችና ጭፈራው መሃል ገቡ።

እኔም ተረቴን እዚህ አደረስኩላችሁ። እናንተ ደግሞ ተረቴን መልሱልኝ፣ የደረቀ አፌን በለስላሳ ዳቦ አብሱልኝ።